ስልሳ ጠብታ

ነሐሴ 17 ቀን 2066 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የወይዘሮ ሄራን የመታጠቢያ ቤት መስታወት ደህና አደሩ ካለ በኋላ አመሰገናት።

«ላለፉት አሥራ አምስት ቀናት ስልሳ ጠብታ ታዞልዎት ስልሳውንም በሰዓቱ ጨምረዋል» አለ፣ በዚያ ለስላሳና የማንም ባልሆነ ድምፁ። «አንድም አላጓደሉም፤ የታማኝነት ደረጃዎ ወርቅ ነው። ይሁን እንጂ የግራ ዓይንዎ አልተሻለውም። ጠብታው ስላልበቃዎት ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ስምንት ወር የሚቆየው መርፌ ይሰጥዎታል። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ከእንግዲህ ጠብታ አያሻዎትም።»

ሄራን ፎጣውን ፊቷ ላይ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ስልሳውም ጠብታ ጸበል ነበር።

መስታወቱ በመንግሥት ወረቀት ላይ «የቤት ጤና ተከታታይ» ይባላል፤ የደሴ ሰው ግን ሞግዚቷ ነው የሚላት። ሞግዚቷ ጥርስ ሲፋቅ ምላስ ታያለች፤ ፊት ሲታጠብ ቆዳ ታያለች፤ ዓይን ሲገለጥ ደግሞ እስከ ጓዳው ድረስ ዘልቃ ትመለከታለች። መድኃኒት ታዛለች፤ ያዘዘችው መወሰዱንም ትቆጥራለች። የጠብታው ብልቃጥ ክብደቱን ይነግራታል፤ ጠብታው ከብልቃጡ ወደ ዓይን ሲወርድም ራሷ ታያለች። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ግን አትቀምስም። ሄራን የገባችው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ሐምሌ ሠላሳ ቀን መድኃኒቱን ገንዳ ውስጥ ደፍታ በምትኩ ጸበል ሞላችበት። በስልሳ አንድ ዓመቴ ይህ የመጀመሪያዬ ማታለል ነው ብትል የሚያምናት አታገኝም ነበር፤ ግን እውነቷን ነው።

ሄራን የተወለደችው ሕፃን ሁሉ ሄራን፣ ሶሊያና፣ ማክቤል በሚባልበት ዘመን ነው። ዛሬ እነዚህ የአሮጊትና የሽማግሌ ስሞች ሆነዋል። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አንዲት ልጇ ጅግጅጋ ትሠራለች። እሷ የጦሳ ኬብል መስመር የላይኛው ጣቢያ ተመልካች ናት። በገመድ ተንጠልጥለው ከፒያሳ ተራራውን የሚወጡትን ሠላሳ ስምንት ካቢኖች ማሽኑ ያስነሳቸዋል፣ ያቆማቸዋል፣ በራቸውን ይከፍታል። ሕጉ ግን ሰው በሚጭን ማንኛውም ነገር ላይ አንድ የሰው ዓይን ይኑር ስለሚል ሄራን ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጣ ታያለች። እጇ ሥር አንድ ቀይ ቁልፍ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ስታይ ኖራ የተጫነችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበረች።

ሦስተኛው ባለፈው ጥር መጣ። ገመዱ ላይ ጥቁር ነገር ሲንጠለጠል አየችና ተጫነች። ሠላሳ ስምንት ካቢን ሙሉ ሰው ሃያ ደቂቃ አየር ላይ ቀረ። ገመዱ ላይ ምንም አልነበረም። ጥቁሩ ነገር ግን ራሷን ስታዞር አብሯት ዞረ። በማግስቱ ሞግዚቷ «የዓይን ውስጥ ብግነት፤ ርግጠኝነት ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ» አለችና ጠብታ መጣ። በሁለት ሳምንት ዓይኗ የምንጭ ውሃ መሰለ። በወሩ ደፈረሰ። ጠብታው ተጨመረ፤ ጠራ፤ ደግሞ ደፈረሰ። ሰባት ወር እንዲህ ሲጠራና ሲደፈርስ ሞግዚቷ ያንኑ ቃል በዚያው ርግጠኝነት ትደግማለች። ሌላ ነገር ይሆን እንዴ ብላ ሄራን አንድ ቀን ጠይቃት ነበር። «ከሺህ ሰው ከአንድ በታች የሚይዙ በሽታዎች እርስዎን እንዳያስጨንቁ ከዝርዝሩ ወጥተዋል» አለቻት።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ጠብታው ዓይን ውስጥ ከገባ ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮ ላይ ይመራል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ለምትጾም ሴት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ ጨምሪ» አሏት። ሄራን ግን አባ ለዘመኑ ያደሉ መሰላት። ጉሮሮዬ ድረስ የወረደን ነገር እንዴት አልቀመስኩም እላለሁ? ሰባት ወር ለሞግዚቷ ከሰጠሁ አሥራ አምስት ቀን ለእመቤቴ ብሰጥ ምናለበት? ብላ ተሳለች፤ ተሳለችና ብልቃጡን ሞላች። በአምስተኛው ቀን የግራ ዓይኗ መደፍረስ ጀመረ። በአሥረኛው የሰው ፊት ጠፋባት። ስለት ነውና አልመለሰችም።

አሁን ጾሙ ተፈታ፤ ስለቱም አለቀ። እሷም ዛሬ ጠዋት ወደ መድኃኒቷ ልትመለስ ነበር፤ ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጎዳ። የስምንት ወር መርፌ ይመጣል ብላ በሕልሟም አላሰበችም። ጠብታው አልበቃም ተብሎ ነው የሚወጓት፤ ጠብታው ግን ዓይኗን አላየውም። ይህን ብትናገር ደግሞ የጤና ማስረጃ ያጭበረበረ ሰው ከወርቅ ወደ «ያልታመነ» ይወርዳል፤ ያልታመነ ሰው ቀይ ቁልፍ አጠገብ አይቀመጥም።

ሥራ ገብታ እጇ አላርፍ አላት። ኩባያውን ታነሳለች፤ ሳትጠጣ ታስቀምጣለች። መስኮቱን ትወለውላለች፤ መስኮቱ ንጹሕ ነው። የጥገና ሠራተኛው ሐምዛ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየ። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ የባሏን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

«አንቺ ሴት፣ ጾም በተፈታ ማግስት እንዲህ ይኮናል እንዴ? ዶሮው አልተስማማሽም?»

በሩን ዝጋ አለችውና ነገረችው። ሐምዛ እንደሚስቅ ጠብቃ ነበር፤ አልሳቀም።

«ውሃ?»

«ጸበል።»

«እሺ፣ ጸበል። እኛም እኮ በረመዳን ጠብታ ጾም ያበላሻል አያበላሽም ስንከራከር ነው የምንከርመው። አጎቴ ቀኑን ሙሉ አልጨምርም ብሎ ስንቱን አስጨንቋል። እሱ ግን አልጨመርኩም ብሎ በአፉ ይናገር ነበር።»

«ብናገር ወንበሬን ይወስዱብኛል።»

«ባትናገሪስ ዓይንሽን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«የሚባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ ሐምዛ። አንተ ወንበርህ ላይ ተደላድለህ ነው የምትተርተው።»

ካቢኖቹ አንድ በአንድ እየመጡ ሰው አራግፈው ይመለሳሉ፤ ሄራን በአንድ ዓይኗ ትቆጥራቸዋለች። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ አልናገርም ብላ ወሰነች፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ እናገራለሁ ብላ ወሰነች፤ ፒያሳ ስትወርድ እንደገና አልናገርም አለች።

በዓይን ክሊኒኩ የተቀበለቻት ፈራሚ ሐኪም ዶክተር አስካለ ትባላለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለሴት ልጅ የቅድመ አያት ስም ማውጣት ፋሽን በሆነበት ጊዜ የተወለደች። ፈራሚ ሐኪም የሞግዚቷን ውሳኔ አንብባ ትፈርማለች፤ ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ተመድቦላታል። ጣሪያው ላይ በክፍሉ የሚነገረውን ሁሉ የሚመዘግብ አረንጓዴ መብራት ይበራል። የስምንት ወሩ መርፌ በትሪ ላይ ተዘጋጅቷል።

ዶክተሯ የሄራንን አገጭ መደገፊያው ላይ አሳርፋ በመብራቱ ዓይኗን ማየት ጀመረች። አየች፤ ደግማ አየች። አራቱ ደቂቃ አልቆ ማሳሰቢያው ጮኸ፤ በክርኗ አጠፋችው።

«ይገርማል» አለች። «ከዚህ በፊት ጠብታ በጨመሩ ቁጥር ይጠራ ነበር። አሁን ስልሳ ገብቶ ጭራሽ ብሶበታል። ለምን ይሆን?»

ሄራን የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች።

«ምናልባት ሰውነትዎ ለምዶት ይሆናል። እንግዲህ መርፌው የተሻለ ይሠራል» አለችና ዶክተሯ መፈረሚያው ላይ ጣቷን ዘረጋች።

ሄራን ያቺን ጣት አየቻት። ቀጭን፣ ጥፍሯ አጭር፣ የሰው ጣት ናት። ይህች ልጅ በእኔ ውሸት ላይ ልትፈርም ነው ስትል ፊቷ በኀፍረት ጋለ፤ ያናገራትም ፍርሃት ሳይሆን ኀፍረቱ ነው።

«ዶክተር፣ አይፈርሙ። ጠብታው አልገባም።»

«ምን አሉኝ?»

«ጸበል ነው የጨመርኩበት። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ። መስታወቷን አታለልኳት።»

አረንጓዴው መብራት ወደ ቢጫ ተለወጠ። ዶክተሯ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ያውም አብዝታ።

«ያልፈላ ውሃ ዓይን ውስጥ! እትዬ፣ በጀርም ሊጠፋ ይችል ነበር እኮ! ሐኪም ሳይጠይቁ መድኃኒት ማቆምስ ምን የሚሉት ነው? ሌላ መድኃኒት ቢሆን ሊገድልዎት ይችል ነበር!» አለችና ድንገት ወንበሯን ስባ ቀረበች። «አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ምንም? ክኒንም? ቅባትም?»

«ማርያምን፣ ምንም።»

«ይስሙኝ» አለች ዶክተር አስካለ፤ ድምፅዋ ወርዷል። «ከሚሊዮን ሰው አንዱን ቢይዝ ነው የሚባል በሽታ አለ። የነጭ የደም ሴል ካንሰር ነው። ዓይን ውስጥ ይገባና ብግነት መስሎ ይቀመጣል። ይህ ጠብታ ሲገባ ሴሎቹ ይሟሟሉ፣ ዓይኑ ይጠራል፣ ዳነ እንላለን። አልዳነም፤ ተደብቋል። ናሙና ቢወሰድ እንኳ መድኃኒት ባለበት ዓይን ውስጥ የሚገኘው ፍርስራሽ ነው። አሁን ይህን መርፌ ብሰጥዎት ዓይንዎ ስምንት ወር ይጠራል፤ ሁላችንም እናጨበጭባለን። እኛ ስናጨበጭብ እሱ ወደ አንጎልዎ ይወጣል።»

ሄራን የወንበሩን ክንድ ጨበጠች። «ካንሰር?»

«ነው አላልኩም። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። የሚታወቀው ዛሬ ፈሳሹን ከቀዳሁ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ዓይንዎ ውስጥ መድኃኒት የለም።»

«ሞግዚቷ ለምን አላወቀችውም?»

«በምን ታውቀዋለች? የምታውቀው የታዘዘውን የሚወስድ ሰው ዓይን ብቻ ነው። መድኃኒቱን ላቋረጠ ሰው ፋይሉን ትዘጋበታለች እንጂ ዓይኑን አታይለትም።»

ሄራን ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ጸበሉ ነዋ ያወጣው።»

«በጸበሉ አልገባብዎትም» አለች ዶክተሯ። «እኔ የማውቀው መድኃኒቱ አለመኖሩን ነው። ደግሞ ሁለተኛ እንዳይለምድዎት።»

መብራቱ ቀላ። ክፍሉ በዚያው የማንም ባልሆነ ድምፅ ታካሚዋ ወደ «ያልታመነ» መውረዷን፣ ላልታመነ ሰውም የቀዶ ሕክምና ክፍል እንደማይከፈት ተናገረ። ዶክተር አስካለ ከመሳቢያዋ ጥግ በራስ ኃላፊነት የሚሞላ የወረቀት ቅጽ አወጣች። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ እስክሪብቶ ለማግኘትም ሦስት ክፍል አንኳኳች።

«ፈራሚ ብለው አይደል የቀጠሩኝ?» አለች። «ይኸው ልፈርም።»

አንድ ችግር ቀረ። ናሙና የሚመረመረው አዲስ አበባ ነው፤ በድሮን ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ እነዚህ ሴሎች ደግሞ ከዓይን ከወጡ በሰዓት ውስጥ ይሞታሉ። ከክሊኒኩ ጎን ባለው የጤና ኮሌጅ ምድር ቤት ግን ጋሽ ቢኒያም የሚባል ጡረተኛ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ እንዴት ይታይ እንደነበር ለተማሪዎች እያሳየ ይውላል። ተማሪዎቹ እንደ ቅርስ ነው የሚጎበኙት። ዶክተሯ ስትደውልለት «ለእውነት ነው ወይስ ለማሳያ?» አለ። ለእውነት ነው ስትለው መነጽሩን ፍለጋ ሄደ።

ሄራን እንደነቃች ነው የተሠራላት። ዓይኗን አደነዘዙትና አላመማትም፤ ግን ዓይኗ ውስጥ የገባውን የመሣሪያውን ቀጭን ጥላ ከውስጥ ሆና አየችው። ከግራ መጣ፤ ያንን የሰባት ወር ድፍርስ ማማሰልና መምጠጥ ጀመረ። አይንቀሳቀሱ ቢሏትም ጣቶቿ ከዷት፤ አንሶላውን እየጠቀለሉ ይፈቱ ነበር። «ደረስን፣ ደረስን» ትላለች ዶክተሯ፣ የት እንደሚደርሱ ሳትናገር።

ምድር ቤት ወርደው ጋሽ ቢኒያም አጠገብ ቆሙ። ሽማግሌው ናሙናው ያለበትን ስስ ብርጭቆ ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለ። ሄራን ግራ ዓይኗ ታሽጎ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች።

«ነይ እስቲ እዪ» አላት በመጨረሻ፤ ዶክተሯን ሳይሆን ሄራንን። በቀኝ ዓይኗ ጎንበስ አለች። «ያ ትንሹ ጤነኛው ነው፤ ጭምት ነው። ያ ትልቁስ? እንደዚያ ያለ እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቤቱን ሁሉ ይዞ ባለቤቱን በር ላይ ያቆመ። እንደሱ ያለ አርባ ቆጥሬያለሁ። ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም የኔ እናት፤ እሱ ነው።»

ሄራን አላለቀሰችም። ይህ ሁሉ ጊዜ ያየችው ጥቁር ነገር እውነት ኖሯል፤ ይህ ብቻ ነው የታያት።

ከአራት ቀን በኋላ የአዲስ አበባው የዘር ምርመራም ያንኑ አለ። አንጎሏ በምስል ተነሣ፤ ንጹሕ ነበር። ከጀርባዋ የተቀዳው ፈሳሽም ንጹሕ ነበር። ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት በቀጥታ ዓይኗ ውስጥ ሊወጋ ተወሰነ፤ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር። ዶክተሯ አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት፦ በሽታው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን አይበቃውም። ቀኙ ከጀመረ ወይም ወደ ላይ ከወጣ አዲስ አበባ ተኝታ ከባዱን መድኃኒት በደም ሥር ትወስዳለች፤ ወራት የሚፈጅ፣ ፀጉር የሚያረግፍ፣ ከአልጋ የሚያውል።

በዚያው ሳምንት ወንበሯ ተወሰደ። ለካንሰሩ ያላፈሰሰችውን እንባ ለወንበሩ አፈሰሰች። በቦታዋ የተቀመጠው ጎልማሳ ቀይ ቁልፉን አቧራ እንዳይነካው በፕላስቲክ ሸፈነው አሉ። የቤቷ መስታወትም ዝም አለ፤ ያልታመነ ሰው አይታይም። ጥርሷን ስትፍቅ የራሷን ፊት ብቻ ታያለች። ነጻ ወጣሁ ልትል ይገባት ነበር፤ አላለችም። ሠላሳ ዓመት ጠዋት ጠዋት ያናገራት ድምፅ ነው፤ ቤቱ ሰፋባት።

ያልታመነ ሰው መድኃኒት ሲወስድ የታመነ ሰው ቆሞ መመስከር አለበት። ሐምዛ ራሱን አቀረበ። ማክሰኞና ዓርብ ከጎኗ ተቀምጦ መርፌው ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ከዚያ «በዓይኔ አየሁ» ብሎ ይፈርማል። «ቀጣፊ» ትለዋለች ሄራን። «ከአንቺ ነው የተማርኩት» ይላታል።

ዶክተር አስካለን ስለ ፈረመችው ቅጽ ለጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠሯት። ከሁለተኛው ስትመለስ በከተማው የስምንት ወሩን መርፌ የወሰዱትን ሰዎች ዝርዝር አወጣች። አርባ አንድ ናቸው፤ አርባ አንዱም ወርቅ። በየምሳ ሰዓቷ አንድ በአንድ ትደውልላቸዋለች። አብዛኞቹ ዓይናቸው እንደጠራ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና እንደሆኑ ይነግሯታል። አንዱ ቁጥር አልነሳ ሲላት በማግስቱ የሰውየው ሴት ልጅ መልሳ ደወለችና አባቷ በሰኔ በአንጎል በሽታ ማረፉን ነገረቻት። ሄራን ይህን የሰማችው ከራሷ ከዶክተሯ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ሲገናኙ ከመቀመጣቸው በፊት ጥቂት ይቆማሉ።

አሥራ አንደኛው መርፌ በጥቅምት አጋማሽ ላይ ዋለ። ሄራንና ሐምዛ አንድ ካቢን ውስጥ ተቀምጠው ወደ ከተማው ይወርዳሉ። የግራ ዓይኗ ከጠራ ሰንብቷል፤ የፒያሳን ጣሪያዎች አንድ በአንድ ትለያለች። እንዲያው በጨዋታ ግራዋን በእጇ ከደነችና በቀኟ አየች። ከፊታቸው የተዘረጋው ገመድ መሐሉ ላይ ጎብጧል። እጇን አነሳች፤ ገመዱ ቀጥ አለ። ከደነች፤ ጎበጠ። ሐምዛ ስለ ወንድሙ ልጅ ሠርግ ያወራል። መስኮቱ ቆሽሾ ይሆናል አለች በልቧ፤ በመሐረቧ ወለወለችው። እንደገና አልከደነችም።

ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተር አስካለ የግራ ዓይኗን በመብራቱ አይታ ፊቷ በራ። «አንድም ሴል አይታየኝም! ንጹሕ!» አለች። ቅጹ የሚጠይቀው የግራውን ብቻ ነው፤ ሞላችው። ሐምዛ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀምሯል። መርፌው ተነሳ።

ሄራን አሰበች። የሚያያት መስታወት የለም። ለአንድ ሳምንት ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ምናልባት የመስኮቱ ነገር ነው፤ ምናልባት የድካም ነው። አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ አልጋው ረጅም ነው፤ ፀጉሯን ትወደዋለች። ፈራች፤ ያን ቀን በወንበሯ ጉዳይ ከፈራችው እጅግ አብልጣ ፈራች።

«ልጄ፣ ቆዪ» አለች።

«አመመዎት?»

«አላመመኝም። ቀኙ ነው። ገመዱ ጎበጠብኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ የምነግርሽ።»

ሐምዛ ከግድግዳው ዞረ። ዶክተር አስካለ መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዛሬ ጠዋት። አንድ ሰዓት አይሞላውም።»

ዶክተሯ መብራቱን ወደ ቀኙ ዓይን አዞረችው።